ከበሩ ጎን የተሰቀለው ቅል

የኔነሽ ስትደውል እግሬን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሬ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰመራ ላይ ከቀትር በኋላ ሌላ ሥራ የለም፤ ሙቀቱ ሰውን ካለበት ያስቀምጠዋል። ልጄ እዚህ የመንገድ ሥራ አግኝቶ «እማዬ፣ ብቻሽን አትቀመጪ» ብሎ ካመጣኝ ወዲህ ጋቢዬን አጣጥፌ አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ፤ ውሎዬ ጸሎትና ውሃ መጠጣት ሆኗል። የኔነሽ ታናሽ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ደብረ ታቦር ላይ እኔ ጡረታ በወጣሁበት ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ታስተምራለች። ሰላምታዋን እንኳ አልጨረሰችም።

«እትዬ፣ ቁልፉ ወረደ!»

«የምን ቁልፍ?»

«የሽንት ቤቱ ነዋ! ትናንት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ከእንግዲህ በትምህርት ሰዓት አይቆለፍም፤ ልጅ ሲመጣበት ይውጣ ተባለ። ተጨብጭቦ ነው የተወሰነው። ደግሞ በየክፍሉ በር ላይ ምን እንደተሰቀለ ልንገርዎ?»

«ምን?»

«ቅል!»

እግሬን ከባልዲው ሳወጣ ባልዲው ተገለበጠና ውሃው በረንዳውን ሞላው። «ተመስገን» አልኩ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሸክሜን ያራገፍኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አንዱ ትከሻዬ ላይ ቀርቶ ኖሯል።

ይህን የሚያነብ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ሴት ስለ ፊደልና ስለ ሒሳብ ታወራለች እንጂ ስለ ሽንት ታወራለች? ታወራለች። ከማሠልጠኛ ወጥቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየክፍሉ፣ በየቀኑ፣ ሳልጠራው የመጣልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ቲቸር፣ ደጅ ልውጣ?» የሚለው። ለሌላው ጥያቄ መጽሐፍ ነበረኝ። ለዚህ ግን አልነበረኝም።

በስተርጅና ደግሞ በራሴ ደረሰ። ወደዚህ ስመጣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ወደ ሚሌ ቁልቁል ሲወርድ መጣብኝ። ረዳቱን ጠራሁት።

«ልጄ፣ እስኪ አስቁምልኝ።»

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ ልንደርስ ነው።»

«ልንደርስ ነው ካልከኝ እኮ ቆየህ።»

«ታዲያ እዚህ የት ይወርዳሉ? አንድ ቁጥቋጦ እንኳ የለም!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ። «ትንሽ ታገሽ» የሚለውን ቃል ከነድምፁ አውቀዋለሁ፤ የአስተማሪ ድምፅ ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት የአፋር ሴት ብድግ ብላ «አቁም! እናት የለህም?» ስትል ሾፌሩ ራሱ ፍሬን ያዘ። አብራኝ ወርዳ፣ የተከናነበችውን ጨርቅ ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራ ከለለችልኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። በጸሎቴ ግን «ያቺ የመንገዷ ሴት» እያልኩ አነሳታለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ከይፋግ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ሽንት ቤት የሚባል አልነበረውም፤ ከጀርባው ባሕር ዛፍ ነበር፤ በቃ። ደመወዙ ከወር ወር ያደርስ ነበር አልልም፤ ስለ እሱ ለማውራት ግን አልተቀመጥኩም። ማሠልጠኛ የነገሩኝን ይዤ ገባሁ፤ ክፍል ማለት ጸጥታ ነው፣ ልጅ እጁን ያውጣ፣ ፈቃድ ይጠይቅ፣ መምህርቷ ትፍረድ። እኔም ፈረድኩ። አንዱ «ደጅ ልውጣ?» ሲል ፈቀድኩለት። ወዲያው ሌላው ጠየቀ፤ ከዚያ ሌላው፤ እንደ ማዛጋት ይጋባል። በሳምንቱ መጨረሻ ተናደድኩና «ከእንግዲህ ማንም አይወጣም!» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

በጎን ያለውን ክፍል የሚያስተምሩት ርዕሰ መምህሩ ጋሼ ይርዳው ነበሩ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሆነው በየደብሩ ዞረዋል፤ አስኳላ የገቡት ጎልምሰው ነው። ከኮታቸው አንድ ኪስ ጠመኔ፣ ከሌላው መዶሻ አይጠፋም። በሚስማር የሚቃናውን ነገር በቃል ለማቃናት አይደክሙም ነበር። ያን ዕለት ልጆቹ ሲበተኑ በሩ ላይ ቆሙ።

«ፈንታነሽ፣ ዛሬ ስንቱን ልጅ ዳኘሽ?»

«አልገባኝም፣ ጋሼ።»

«ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንዱን ሂድ፣ አንዱን ተቀመጥ። እውነት የመጣበት የትኛው ነበር?»

«እኔ እንዴት አውቃለሁ?»

«እሱን ነው የምልሽ። ሰው ፊኛ ውስጥ ገብቶ የሚፈርድ ዳኛ የለም።» ሳቁ። «ሽንት የያዘው ልጅ ደግሞ ትምህርት አይዝም። ለግድግዳ ነው የምታስተምሪው።»

በማግስቱ አንገቱ ቀጠን ያለ ቅል ይዘው መጡ፤ ጠፍር ታስሮበታል፣ አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ከክፍሌ አጭሯን ልጅ ጠሩና ከበሩ ጎን አቆሟት። «ሳትንጠራሪ እጅሽን ዘርጊ» አሏት። እጇ የደረሰበት ላይ ሚስማር መቱና ቅሉን ሰቀሉት።

«ከዚህ ከፍ ካለ አውርዱልኝ ብላ ትለምናለች። ከለመነች ቅሉ ሥራ አልሠራም» አሉኝ።

ሕጉ ይኸው ነው። ቅሉ በቦታው ካለ፣ ደጅ ማንም የለም ማለት ነው። የመጣበት ልጅ ይነሳል፣ ቅሉን ያወርዳል፣ ይወጣል። አይጠይቅም፤ አልጠይቀውም። ውስጡ ውሃ አለ፤ እጁን ይታጠብበታል። ሲመለስ ጥግ ካለው እንስራ ሞልቶ መልሶ ይሰቅለዋል። ውሃውን ልጆቹ በተራ ይቀዳሉ። በየመስከረሙ አዲስ ልጆች ሲመጡ አጭሩ ልጅ ይጠራል፤ ሚስማሩም እንደ ቁመቱ ዝቅ ይላል።

«ይፈነጩብኛል» ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፈነጩ። አንዱማ ቅሉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባሕር ዛፍ ላይ ወጣ። ነገር ግን ቅሉ አንድ ነው። እሱ ዛፍ ላይ እያለ ክፍል ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ነበረ። ሲመለስ የተቀበለው የእኔ ቁጣ አልነበረም፤ የጓደኛው ክርን ነው። ከዚያ በኋላ የሚዘገይ ጠፋ። የሚጋባውም ማዛጋት ጠፋ፤ የማይከለከለውን ነገር ማን ይሻማል?

እኔንም ከፈራጅነት አሳረፈኝ። በኋላ ቅል በሌለበት ክፍል ሌላ መምህር ተክቼ ሳስተምር እንኳ የልጅን ሁኔታ ማንበብ ተምሬ ነበር። ለጨዋታ መውጣት የፈለገ እጁን ወደ ጣሪያ ይወረውራል፤ ፊቱም ብሩህ ነው። እውነት የመጣበት እጁን ከጆሮው አያሳልፍም፤ ብዕሩን ካቆመ ቆይቷል፣ የሚያየው ሰሌዳውን ሳይሆን በሩን ነው። ክረምት ሊገባ ሲል የደጋው ብርድ አጥንት ሲሰብር ደግሞ ሁሉም እውነተኛ ነው።

ከይፋግ ወደ ጋፋት አካባቢ ተዛወርኩ፤ ቅሌን በዘንቢል ይዤ። እዚያ ያሉት አለቃዬ ቅሉን ሲያዩ «ይህ ምንድን ነው? የባላገር ዕቃ!» ብለው ሳቁብኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሊገቡ የደረሱት ልጃገረዶች ግን ቶሎ ገባቸው። ሴት ልጅ በወሩ ውስጥ ወንዶቹ ፊት ቆማ የማታስረዳው ቀን አላት። ቅሉን አንስታ ትወጣለች፤ ማንም አይጠይቃትም። አለቃዬ ሴቶቹ ከትምህርት አለመቅረታቸውን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉት።

ከዚያ ደብረ ታቦር ከተማ ገባሁ። ጋሼ ይርዳውም ጡረታ ወጥተው ከተማው ውስጥ ይኖሩ ነበር። የእኔ የሥራ ዘመን የተሰነጠቀው እዚህ ነው። ነገሩን ያኔም ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ስብሰባ ላይ ተነስቷል። ስለዚህ እንደነበረ ልናገር።

ሦስተኛ ክፍል ሰጡኝ፣ የጠዋት ፈረቃ። ከልጆቹ መካከል ነኢማ የምትባል የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች፤ ጽሕፈቷ የሚያምር፣ ድምፅዋ የማይሰማ። ሙስሊም ናት። ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያኖቹ ልጆች ይጾማሉ፤ እህል ውሃ የሚቀምሱት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ነው። ያኔ ቅሉ ቶሎ ቶሎ ባዶውን መመለስ ጀመረ። አየሁ፤ የሚመለሱት ልጆች እጅ ደረቅ ነው፣ እርጥቡ አገጫቸው ነው።

ፈራሁ። የእግዚአብሔርን ጾም በእኔ ቅል ሊገድፉት ነው አልኩ። አውርጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ለክፍሉ ተናገርኩ፦ «እስከ ፋሲካ ቅል የለም። የጾመ ሰው ምን ጠጥቶ ነው የሚወጣው? የግድ የሆነበት እጁን ያንሳ።» ሁሉም የሚጾም መስሎኝ ነው ልል ነበር። አይደለም። አላሰብኩትም።

ነኢማ እንደ ወትሮዋ ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሳ ትመጣለች። እጅ ማንሳት ማለት በዚያ ሁሉ ጾመኛ ፊት «እኔ ጠጥቻለሁ» ማለት ሆነባት። ቅሉ ቢኖር ኖሮ ምንም ማለት ባልሆነ። ታገሰች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ የማካፈል ሒሳብ እጽፋለሁ። ሹክሹክታ ሰምቼ ዘወር ስል ልጆቹ ሁሉ ወለሉን ያያሉ። አንተነህ የሚባል ምላሱ የማያርፍ ልጅ ብድግ አለ።

«ቲቸር! ነኢማ ገደፈች!»

«ምን አልክ?»

«ውሃ ጠጥታ ነው የመጣችው! ወለሉን እዩት! ገደፈች!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ገዳፊ! ገዳፊ!» እያሉ ጠረጴዛ ደበደቡ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ደብተሯን ዘጋች፣ እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ተነስታ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም፤ በሳልስቱም።

ከሥራ ስወጣ ጋሼ ይርዳው ዘንድ ሄድኩ። ጓሯቸው ውስጥ አጥር ይመቱ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቅሉን ለምን አወረድሽው?»

«ጾሙን ሊጠጡት ነው ብዬ፣ ጋሼ።»

«ጾሙ የነሱ ነው። የሰረቀ ከፈጣሪው ጋር ይነጋገራል። ያንቺ ቅሉ ብቻ ነበር።» ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ። «የሰደቧትንስ ምን አደረግሻቸው?»

«በአርጩሜ መታኋቸው።»

«አዬ! ስሙን በአርጩሜ አተምሽላት በይኛ።»

እውነታቸውን ነው። ከመታኋቸው በኋላ «ገዳፊ» የሚለው ስም ከክፍሌ ወጥቶ ትምህርት ቤቱን ሞላው። መንደር ድረስ ደረሰ።

ጋሼ መዶሻቸውን አስቀምጠው «ነይ፣ እንሂድ» አሉኝ። የነኢማ አባት አቶ ሰዒድ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ተነስተው በርጩማ አቀረቡልን፤ ውሃ አስመጡልን። ጋሼ ይርዳው «አንቺ ተናገሪ» በሚል ዓይን አዩኝ።

«አቶ ሰዒድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ አንዳችም አላጠፋችም።»

የስፌት መኪናቸውን ረገጡ፤ የጀመሩትን ስፌት ጨረሱ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እንዳላጠፋችማ አውቃለሁ፣ መምህርት። ያላወቅሁት፣ ልጄ ቁርሷን በልታ መምጣቷ የሚያሳፍር መሆኑን ነው። ብትነግሩን እንጠነቀቅ ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ነኢማ ከጠረጴዛው ሥር ቁራጭ ጨርቅ ትለቅማለች። ጎንበስ አልኩ።

«ነኢማዬ፣ ቅሉን መልሼ እሰቅለዋለሁ።»

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ቅሉን ይመልሱታል» አለች። «ስሜንስ?»

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ስንመለስ ጋሼ ከቤታቸው ደጅ ላይ «አትጎትቻት። ያበላሸሽውን አቃኚ፤ የቀረው ያንቺ አይደለም» አሉኝ። ቅሉን በማግስቱ ሰቀልኩት፤ ሁዳዴው ሳያልቅ። ልጆቹ ከእሱ ይጠጡ አይጠጡ አልመረመርኩም። ነኢማ ግን ያን ዓመት አልተመለሰችም፤ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ልብስ ላይ ቁልፍ ስትተክል ከረመች። በዓመቱ ከተማው ማዶ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት አስገቧት ሲሉ ሰማሁ። እንደገና ሦስተኛ ክፍል።

በዚያው ዓመት አዲስ ርዕሰ መምህር መጡልን። ክፉ ሰው አልነበሩም። በትምህርት ሰዓት አንድ ልጅ አጥር ዘሎ ጠፋና አመሻሽ ላይ ገበያ ውስጥ ተገኘ፤ ወላጆቹ ጩኸት ይዘው መጡ። ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሰበሰቡና ሽንት ቤቱ በእረፍት ሰዓት ብቻ እንዲከፈት፣ ቁልፉም ጥበቃው ዘንድ እንዲሆን አዘዙ። እኔ ተነሳሁ።

«ልጅ የሚጠፋው ስለወጣ ሳይሆን መውጣት በልመና ስለሆነ ነው። አንዴ ለምኖ ያገኘውን ፈቃድ እስከ ጥጉ ሊጠቀምበት ይፈልጋል። በእኔ ክፍል ቅል አለ፤ የጠፋ ልጅ የለም።»

«ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ቅል ይዞ የወጣውን ልጅ ጎርፍ ቢወስደው ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እያዘኑልኝ ነው የተናገሩት። «አምና ቅሉን ያወረድሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽም? ላንቺም አልሠራልሽም እኮ።»

ተቀመጥኩ። ቅሉ አልነበረም የወደቀው፣ እኔ ነበርኩ፤ ግን የሁለታችንን ውድቀት ለይቶ የሚያስረዳ አፍ ያን ቀን አልተገኘልኝም። ባልደረቦቼም ከእኔ ጋር አልቆሙም።

ቁልፉ ተንጠለጠለ። ርዕሰ መምህራን ተቀያየሩ፤ ቁልፉ ግን አልተቀየረም። ልጆቹ ጠዋት ውሃ መጠጣት አቆሙ፤ ጾም ሳይሆን ጾም ሆነባቸው። ደረስ ያሉት ሴቶች በየወሩ ይቀሩ ጀመር። እኔ ትምህርቱን ከመሃል እያቋረጥኩ፣ ጥበቃውን እየለመንኩ፣ አንዳንዴም ራሴ ልጅ እጅ ይዤ እየወጣሁ ቆየሁ። ቅሉ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ደርቆ ተሰነጠቀ። ነኢማን ገበያ ውስጥ አገኛት ነበር፤ አደገች፣ አገባች፣ የአባቷን የስፌት መኪና ወረሰች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም እንደዚያው። ከዚያ ያለፈ ቃል አልተነጋገርንም። ጋሼ ይርዳው አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የጡረታ ወረቀቴን ተቀብዬ ስወጣ በሽንት ቤቱ በኩል አልፌ ቁልፉን አየሁት። ዝጎ ነበር። ሥራውን ግን ይሠራል።

እንግዲህ የኔነሽ የደወለችልኝ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት፤ ነገረችኝ።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ ከተከፈተ ወዲህ፣ ልጅ ክፍል ገብቶ መታየቱ ብቻ ለወላጁ በዓል ሆኗል አለች። በስብሰባው ላይ የቁልፉ ነገር ሲነሳ አንድ አባት ተቆጥተው ተነሱ፤ «እኛ ታግሰን አይደል እንዴ የተማርነው? ምን ሆንን?» አሉ። ብዙ ሰው «እውነት ነው» አለ። ያኔ ከሴቶቹ ወገን አንዲት እናት ተነሳች። ነኢማ ናት። ሴት ልጇ እዚያ ሁለተኛ ክፍል ናት።

«ታግሰን አልተማርንም» አለች። «ታግሰን ተቀመጥን።»

ከዚያ ስለ ቅሉ ተናገረች፤ ስለ ጠፍሩ፣ ስለ እንስራው፣ ሳይጠየቁ መውጣት ምን ያህል እንደሚያኮራ።

«እትዬ፣ ‹ቲቸር ፈንታነሽ የሰቀሉት ቅል› ብላ ነው የተናገረችው» አለችኝ የኔነሽ።

«ያወረዱትስ አላለችም?»

«አላለችም።»

ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የተገለበጠውን ባልዲ አቃናሁ። የኔነሽ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት «እትዬ? እትዬ?» ትላለች።

«አለሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። አንተነህን ያውቁት የለ? አሁን ወፍጮ ቤት አለው። ‹እኔም አንድ ነገር አለብኝ› አለ። ‹ሁዳዴ ላይ ከዚያ ቅል ውሃ ስጠጣ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቅሉ የወረደውም በእኔ ጦስ ነው። እኔ ጠጥቼ እሷን ገዳፊ አልኳት። ገዳፊው እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ይስማልኝ› አለ።»

«በስመ አብ!»

«አንድ ሽማግሌ ደግሞ ‹ታዲያ እስከ ዛሬ ንስሐ ሳትገባ ነው እህላችንን የምትፈጭልን?› አሉት መሰለዎ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።»

«ነኢማስ?»

«ሳቀች፣ እትዬ። በሻሿ አፏን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ እጅ ሲወጣ ያላወጣ የለም።»

ስሜንስ ብላኝ ነበር። እኔ ልመልስላት ያልቻልኩትን የወሰደው ራሱ መለሰላት፤ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። ያን ማታ ከጸሎቴ በኋላ እንቅልፍ ቶሎ ወሰደኝ፤ ሰመራ ላይ፣ በዚያ ሙቀት። ጋሼ ይርዳው «የቀረው ያንቺ አይደለም» ያሉኝ አሁን ነው የገባኝ።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«ቅሎቹን ማን ሰቀላቸው?»

«ጥበቃው ነዋ። ቁልፉን ያወረደውም እሱ፣ ሚስማሩን የመታውም እሱ።»

«በምን ቁመት?»

«ኧረ እኔ እንጃ፣ እትዬ፤ አላስተዋልኩም። እንዲያው ከበሩ ጎን ነው።»

«ሰውዬው ረጅም ነው?»

ሳቀች። «ባሕር ዛፍ ነው!»

እንግዲህ እናንተ በዚያ ስብሰባ የነበራችሁ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ ቁልፉን ያወረዳችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ነኢማን ስለ እኔ አትጠይቋት፤ እንዳለፈችው ትለፈው። መዶሻ ያለው ሰው ግን ነገ ጠዋት የልጆቹ ሰልፍ ሳይበተን ይድረስልኝ። ከየክፍሉ አጭሩን ልጅ ይጥራ። ከበሩ ጎን ያቁመው፤ ሳትንጠራራ እጅህን ዘርጋ ይበለው። ሚስማሩን እዚያ ላይ ይምታው።